ለጆሮ ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ተቀምጬ ለሬዲዮ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትንም ራሴው አነባለሁ። ወደ ሙያው የሚመጡ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ተናጋሪውን መጨረሻ ላይ ማምጣት ነው። ይቺን እንይ፦ «በጣና ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል ሲሉ አንድ ኃላፊ ተናገሩ።» ጋዜጣ ላይ ብትሆን ግድ የለም። አንባቢ ዓይኑን መለስ አድርጎ ያያል። አድማጭ ግን ሽሮ እያማሰለች ነው የምትሰማው። «ተወግዷል» እንዳልን ልጇ ቢጠራት፣ ጆሮዋ ላይ የቀረው «እምቦጩ ጠፋ» የሚል ዜና ነው። ያውም በእኛ ስም። ነገሩን ያሉት ኃላፊው ናቸው፤ እኛ ሄደን አላየነውም። በማግሥቱ አንድ የደምብያ ዓሣ አጥማጅ «መረቤን አረም ውጦብኝ እናንተ ጠፋ ትላላችሁ?» ብሎ ቢደውል መልስ የለንም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ይህ ወጥመድ ሁሌም አለ። ስለዚህ ባለቤቱን አስቀድሙ፦ «አንድ ኃላፊ እንደሚሉት…» በሉና ቀጥሉ።

ሁለተኛው ጽሑፉን ሳያጠኑ ማይክ ፊት መቀመጥ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና አልደረሰም» የሚለውን ውሰዱ። «ና» ከላላ እስካሁን አልመጣም ማለት ነው፤ ከጠበቀ በዓሉ አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና»ም እንደዚያው ነው፤ ሲላላ ሐይቁ ላይ የሚዋኘው፣ ሲጠብቅ ትልቁ ጉዳይ። እኔ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። ከዚያ ድምፄን አውጥቼ አንድ ጊዜ አነባለሁ። ትንፋሽ ያሳጠረኝን ዐረፍተ ነገር እዚያው ለሁለት እቆርጠዋለሁ።

ቁጥር መደርደርም አለ። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብሎ ማለፍ ለጆሮ ብዙም አይነግርም። «ባሕር ዳር ቆማችሁ ብታማትሩ ጎርጎራ አይታያችሁም» ስንል ግን ሰው ይገባዋል። ሰዓትም አደራ። በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ መግለጫ ከቀኑ 3፡00 ካለ በእኛ 9 ሰዓት ነው።

ቀረጻ ላይ ደግሞ የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ማለዳ ሐይቁ ዳር አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ አነጋገርኩ። ቆሮሶውን ከአምባዛው እየለዩ ነበር የሚያወሩኝ። ደስ ብሎኝ በየቃላቸው መሐል «እሺ አያ፣ እሺ አያ» እል ነበር። ስቱዲዮ ገብቼ ስከፍተው የሳቸው ድምፅ ብቻውን የተሰማበት አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አጣሁ። ያን የመሰለ ወግ ባከነ። አሁን አንገቴን ብቻ ነው የምነቀንቀው። ሲጨርሱም ቶሎ አልጠይቅም፤ ዝም ስንላቸው የሚጨምሩት ነገር ብዙ ጊዜ ከመልሱ ይበልጣል። ከመነሣቴ በፊት የውሃውንና የወፉን ድምፅ ብቻውን አንድ ደቂቃ እቀዳለሁ፤ ሲቀናበር መገጣጠሚያውን ይሸፍንልኛል። ማይኩን ከነፋስ መሸፈን አይረሳ።

የመጨረሻው የራስን ጽሑፍ «ጊዜ ሲተርፍ» ማለት ነው። በዚህ ሥራ ጊዜ አይተርፍም። የሦስት ደቂቃ ዝግጅት የቀረውን ሁሉ ይጥላል። እኔ የተጣለውን ማታውኑ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። የዚያን ዕለት ማታ የጻፍኩት ስለ አዛውንቱ ነበር፦ ውሃ የጠጣውን የደንገል ታንኳቸውን እንዲንጠፈጠፍ ዳር ላይ ሽቅብ አቁመው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ከመረቡ ላይ ቅርፊት በጥፍራቸው ሲለቅሙ።