ብሪጁ ላይ ጆሮ የሚበሳ ጊታር፦ ምክንያቱና የሚስማማው ሀምባከር

እኛ አገር የጊታር ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ሱቅ ገብቶ፣ ሞክሮና አማርጦ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አብዛኛው ሰው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል። ዕቃው በሻንጣ ከገባ በኋላ «አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ የለም። ስለዚህ ማሰቡ ከማዘዙ በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

የማወራው ብዙ ሰው እጅ ላይ ስላለው ጊታር ነው። ቅርጹ ስትራት፣ ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት የታችኛው ጫፍ) ላይ ሀምባከር የሚባለው ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ፒካፕ፣ መሃልና ኔክ (በአንገቱ በኩል) ላይ ነጠላ ኮይል። ኤችኤስኤስ የሚባለው ማለት ነው። ኔክ ላይ ሲጫወቱት ያምራል። ፒካፕ የሚመርጠው ስዊች ወደ ብሪጅ ሲመጣ ግን ድምፁ ቆርቆሮ ይሆናል። በትዝታ ቅኝት ሶሎ እየተጫወታችሁ ቀጭኗ ክር ላይ ስትወጡ ጆሮ ይበሳል። ዲስቶርሽን ሲጨመርበትማ አይጣል ነው።

ያኔ ሁሉም ሰው የሚያስበው ኃይለኛ ፒካፕ ማስገባት ነው። እኔ ግን ኃይለኛ ፒካፕ የችግሩ መፍትሄ ከመሆን ይልቅ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል እላለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናየዋለን። መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ።

ኔክ ላይም ይጮሃል

ስዊቹን ወደ ኔክ መልሱት። እዚያም ከጮኸ የብሪጁን ፒካፕ አትውቀሱ። ምክንያቱ ከጊታሩ ውጭ ሊሆን ይችላል።

አምፑን ተመልከቱ። አምፑ መሬት ላይ ተቀምጦ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ ከሆነ ትሬብሉ ጉልበታችሁን አልፎ ነው የሚሄደው። ትሬብል ከስፒከሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ እንደ ቤዝ አይበተንም። እናንተ «ደበዘዘ» ብላችሁ ትሬብል ስትጨምሩ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ጆሮውን ይይዛል። አምፑን ወንበር ላይ ጫኑት ወይም ወደ ላይ አዘንብሉት። ከዚያ እንደ አዲስ አስተካክሉ።

ኬብልም አለ። ተራ የጊታር ኬብል በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ) አለው። ስለዚህ 6 ሜትር ኬብል ወደ 600 ይጠጋል። ይህ የፒካፑን የሰላ ድምፅ ወደ ታች ይጎትተዋል። ከረጅም ኬብል ወደ ዋየርለስ የተሻገረ ሰው ጊታሩ በአንድ ጊዜ የሰላበት ለዚህ ነው። በአጭር ኬብል መጀመሪያ በፈር (ከሱ በኋላ ያለው ኬብል ፒካፑን እንዳይነካ የሚያደርግ ሰርኪዩት) ያለው ፔዳል ውስጥ የሚገባ ሰውም ያው ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፦ 470 ፒኮፋራድ የሆነች ካፓሲተር ከጊታሩ ጃክ ሁለት እግሮች መሃል መበየድ። ካልወደዳችሁት ነቅላችሁ ትጥሏታላችሁ።

ቀጭን ብቻ ሳይሆን ደካማም ነው

ይሄ ሌላ በሽታ ነው። ሀምባከር ከነጠላ ኮይል ያነሰ ድምፅ ካወጣ የሆነ ነገር ተቋርጧል ወይም ተሳስቷል።

ቴስተር አምጡ። ጊታሩን መክፈት አያስፈልግም። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ስዊቹን ብሪጅ ላይ አድርጉ። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አዙራችሁ አንዱን ዘንግ የፕለጉ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የፕለጉ ገላ ላይ ንኩ።

ፒካፑ 8 ኪሎ ኦም ነው የተባለ ከሆነ 7.9 አካባቢ ማንበብ አለባችሁ። ትንሽ የቀነሰው ፖቱ (ከቮልዩም ቁልፉ ሥር ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) አብሮ ስለሚለካ ነው። 4 ካነበባችሁ እየሠራ ያለው አንዱ ኮይል ብቻ ነው። ምናልባት አንዱን ኮይል የሚያጠፋው ተስቦ የሚወጣ ቁልፍ እንደተሳበ ቀርቷል፣ ወይም ሁለቱን ኮይል የሚያገናኘው ሽቦ የሆነ ብረት ነክቷል። 2 ካነበባችሁ ሁለቱ ኮይሎች በፓራለል ነው የተያያዙት። ይህም ድምፁን ያቀጥነዋል። እነዚህ ሁሉ የካውያ ሥራ ናቸው፤ አዲስ ፒካፕ አይጠይቁም።

ቴስተሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖ «1» ብቻ ካሳየ ወደ 2 ሜጋ ኦም አዙሩት። 500 ኪሎ ኦም አካባቢ ካሳየ ያነበባችሁት ፖቱን ነው፤ ፒካፑ የለም ማለት ነው። የውስጡ ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ይበጠሳል። የተበጠሰ ፒካፕ ሙሉ በሙሉ ዝም ላይል ይችላል፤ ቤዙ ጠፍቶ ቀጭን ጩኸት ይቀራል። ከውጭ የሚወጣው ሽቦ ብየዳው ለቆ ካልሆነ በቀር፣ ይሄኔ መግዛቱ ተገቢ ነው።

ሙሉ ድምፅ አለው፣ ግን ይነክሳል

አብዛኛው ጊታር እዚህ ነው የሚወድቀው። ሥራው በካቻቢቴ ይጀመራል።

ሁለቱንም ዳር ክሮች መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ። ከክሩ ሥር እስከ ፒካፑ ያለውን ክፍተት ለኩ። በቀጭኗ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በወፍራሟ በኩል 2.5 ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ የቀጭኗን ክር ጎን ብቻ ግማሽ ዙር ዝቅ አድርጉና ተጫወቱ። ሌላ ግማሽ ዙር። ንክሻው ለስለስ የሚልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ታውቁታላችሁ። ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል፤ እሱን አምፑ ላይ መልሱት። ከዚያ በፒካፑ ላይ የተደረደሩትን ትናንሽ ቪቴዎች ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ብሪጁ ላይ እነዚህ ቪቴዎች ብዙ ጊዜ ያሉት ወደ ብሪጁ በቀረበው ኮይል ላይ ነው። እነሱ ሲወርዱ የራቀው ኮይል ሚዛን ይደፋል፣ ድምፁም ትንሽ ይሞቃል። ትንሽ ለውጥ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ክርም አትርሱ። ስቴይንለስ ስቲል ከሆነ ንጹህ ኒኬል ሞክሩ። ወፍራም ፒክ ጠርዙ ክብ ያለ ከሆነም ይረዳል።

ቀጥሎ ፖቱ። ሀምባከር የተለመደው ከ500 ኪሎ ኦም ጋር ነው፣ ነጠላ ኮይል ደግሞ ከ250። ፖቱ ባነሰ ቁጥር ፒካፑ አጉልቶ የሚጮህበት ጫፍ ይለሰልሳል። ብሪጁን ብቻ ማሞቅ ከፈለጋችሁ ፖቱን መቀየር አያስፈልግም። 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ግዙ። አንዱን እግር ስዊቹ ላይ የብሪጁ ሽቦ በተበየደበት፣ ሌላውን መሬት (ግራውንድ) የሚባለው ሽቦ ላይ በይዱ። ብሪጁ ላይ ስትሆኑ 500ውና 470ው በፓራለል ተያይዘው እንደ 242 ኪሎ ኦም ሆነው ይሠራሉ። ኔክ ላይ ስትሆኑ ሬዚስተሯ የለችም። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር የምወደው ይህንን ነው። ጊታሩ አይቆፈርም፣ ብዙ ገንዘብ አይወጣም።

ቮልዩም ሲቀነስ ብቻ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ ቮልዩሙ ላይ ትንሽ ካፓሲተር ተበይዶ ይሆናል። ትሬብል እንዳይጠፋ የሚደረግ ነገር ነው። አንዱን እግሩን ንቀሉት።

ኃይለኛ ሀምባከር ገባ፣ ጭራሽ ባሰበት

አንድ ጓደኛዬ 16 ኪሎ ኦም የሆነ ፒካፕ አስመጣ። «ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል» ብለውት ነበር። ተበየደ፣ ተሰካ። ድምፁ ጨመረ፣ ግን ንክሻውም አብሮ ጨመረ። ልጁ አንጀቱ አረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪሎ ኦም የሚነግራችሁ የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት ነው እንጂ የድምፁን ቀለም አይደለም። ፒካፕና ኬብል አንድ ላይ ሆነው የሚጮሁበት አንድ ጫፍ አላቸው። መጠነኛ ጥቅል ያለው የድሮ ዓይነት ሀምባከር ኢንዳክታንሱ (ጥቅሉ ሲበዛ የሚያድገው ባሕርዩ) 4.5 ሄንሪ አካባቢ ነው። በ600 ፒኮፋራድ ጫፉ 3 ሺህ ኸርትዝ ገደማ ላይ ይወድቃል። ብዙ የተጠቀለለው ኃይለኛ ፒካፕ 8 ሄንሪ ሲሆን ጫፉ ወደ 2,300 ይወርዳል። የላይኛው ፍንጣቂ ጠፋ፣ እውነት ነው። ግን ጫፉ ከድሮው ብዙም አልራቀም፣ አሁንም ላይኛው ሚድ (በቤዝና በትሬብል መሃል ያለው ድምፅ) ላይ ነው ያለው። ጆሮ በጣም የሚነቃው ደግሞ ከ2 እስከ 5 ሺህ ኸርትዝ ላይ ነው። በዚያ ላይ ፒካፑ ጉልበተኛ ስለሆነ አምፑን ቀድሞ ይገፋዋል። ቆርቆሮው ሄዶ መጋዝ መጣ።

ለዚህ ከፒካፕ አምራቹ ከሲሞር ደንከን ካታሎግ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከስተም፣ ከስተም 5 እና ከስተም ከስተም የሚባሉ ሦስት ሀምባከሮች አሉ። ጥቅላቸው አንድ ነው፣ ሦስቱም 14 ኪሎ ኦም አካባቢ ናቸው። የሚለያያቸው ማግኔቱ ነው። የመጀመሪያው ሴራሚክ፣ ሁለተኛው አልኒኮ 5፣ ሦስተኛው አልኒኮ 2። የመጀመሪያው ጠንካራና የተሳለ ነው። ሁለተኛው ሚዱ ገባ ያለ ነው። ሦስተኛው ሚዱ ወፍሮ ትሬብሉ ክብ ይላል። ቴስተር ግን ሦስቱንም አይለያቸውም።

እንግዲህ የቱ ይታዘዝ?

ክሊን ወይም ለስላሳ ድራይቭ ለሚጫወት፣ አልኒኮ 2 ማግኔት ያለውና 8 ኪሎ ኦም አካባቢ የሆነ ሀምባከር ፈልጉ። የሲሞር ደንከን አልኒኮ 2 ፕሮ በዚህ ክፍል ነው። ሴዝ ላቨር የሚባለውም አለ። ስሙን ያገኘው በጊብሰን ሀምባከርን ከሠራው መሐንዲስ ነው፤ እሱ በ1955 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገብቶ ፒካፑ በ1957 ጊታሮች ላይ ወጣ። ደስ የሚል ድምፅ አለው፣ ግን በሰም አልተነከረም። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ በዲስቶርሽን ስትጫወቱ ሊያፏጭ ይችላል።

በዲስቶርሽን ለሚጫወት፣ ከላይ ያልኩት ከስተም ከስተም የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። የሌላው አምራች የዲማርዚዮ ቶን ዞንም አለ፦ አልኒኮ 5፣ 17 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ ቤዙና ታችኛው ሚዱ የከበደ። ለቀጭን ጊታር ጥሩ ነው፣ ለወፍራም ጊታር ግን ጭቃ ይሆናል። «ሴራሚክ ሁሌ ይሰላል» የሚላችሁን ደግሞ አትስሙ። ዲማርዚዮ በ1972 ያወጣው ሱፐር ዲስቶርሽን ሴራሚክ ነው፤ ሚዱ ግን ወፍራም ነው።

ሲሞር ደንከን ጄቢ ሁሉም ሰው የሚጠራው ስም ነው። ጥሩ ፒካፕ ነው፣ ላይኛው ሚዱ ግን ወጣ ያለ ነው። ለሚሰላ ጊታር ከ500 ኪሎ ኦም ጋር አልመክርም። ከተገኘ ከ250 ጋር ይረጋጋል። 59 ሞዴልም ያምራል፣ ግን ሚዱ ገባ ያለ ስለሆነ የእናንተን ችግር አይፈታም።

ከማዘዛችሁ በፊት ብሪጁ ላይ ከዳር እስከ ዳር ክር ያለውን ስፋት ለኩ። 49 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተራው ይበቃል። ከ52 እስከ 53 ከሆነ ሲሞር ደንከን ትሬምባከር፣ ዲማርዚዮ ደግሞ ኤፍ-ስፔስ የሚሉትን ዘመዳችሁ ይግዛ። ስሙን በጽሑፍ ላኩለት።

ከተበየደ በኋላ የሚመጡ ጣጣዎች

ብሪጁና መሃሉ አንድ ላይ ሲሆኑ ድምፁ ባዶና አፍንጫ አፍንጫ ካለ ሁለቱ ፒካፖች ፌዛቸው ተቃራኒ ነው፤ የአንዱ ምልክት የሌላውን ያጠፋል። የአዲሱን ሀምባከር ሁለት ጫፍ ሽቦዎች ቦታ አቀያይሯቸው። ሽፋን የሌለው ባዶ ሽቦ ግን ሁሌም መሬት ላይ ይቅር።

የሽቦ ቀለም ያምታታል። በሲሞር ደንከን ጥቁሩ ወደ ስዊች ይሄዳል፣ ቀይና ነጭ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴው መሬት ነው። በዲማርዚዮ ቀዩ ወደ ስዊች፣ ጥቁርና ነጭ እርስ በርስ፣ አረንጓዴው መሬት። የአንዱን ሥዕል ለሌላው አትጠቀሙ።

ጭራሽ ከደበዘዘባችሁ መጀመሪያ 470ዋን ሬዚስተር ንቀሉ። ቀጥሎ ጃኩ ላይ የበየዳችሁት ካፓሲተር ካለ እሱን አውጡ። ከዚያ ፒካፑን ሩብ ሩብ ዙር ወደ ክሩ አቅርቡት።