ኔቱን ከማሳደጋችሁ በፊት ተራ አስይዙት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤት ወይም ቢሮ ያላችሁ፣ ኔቱ ሲንቀራፈፍ ቶሎ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ፍጥነት መጨመር ነው። እስቲ ቆዩ። ብዙ ጊዜ መስመሩ አንሶ ሳይሆን አንዱ ኮምፒውተር ጠቅልሎ ስለያዘው ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ስልኮቹን ሁሉ ከዋይፋይ አስወጡና አንድ ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ የዳውንሎዱንም የአፕሎዱንም ፍጥነት መዝግቡ። ጠዋትም ሰው በሚበዛበት ሰዓትም ሞክሩት፤ የምትይዙት ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ቀጥሎ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ወደ 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር ነው) ያለማቋረጥ ፒንግ እያደረጋችሁ፣ ማለትም መልስ ደርሶ ለመምጣት የሚፈጅበትን ጊዜ እየለካችሁ፣ በሌላ ኮምፒውተር ትልቅ ቪዲዮ በቴሌግራም ላኩ። ፒንጉ ከነበረበት ዘሎ ብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ከገባ ችግሩ ተገኘ፤ አፕሎዱ ሞልቶ ሞደሙ ውስጥ ወረፋ ተፈጥሯል። ሰው የሚያስበው ስለ ዳውንሎድ ብቻ ነው። ግን አፕሎድ ሲታነቅ ዳውንሎዱም አብሮ ይጎተታል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ «ደርሶኛል» የሚለውን መልስ የሚልከው በአፕሎዱ በኩል ነው።

ሞደሙ ውስጥ ባለ ወረፋ ላይ እናንተ አታዙም። ስለዚህ ወረፋውን ወደ ራሳችሁ ራውተር አምጡት። እንዴት? ከለካችሁት ላይ 10 በመቶ ያህል ቀንሱ። 10 ሜጋ ዳውንሎድና 2 ሜጋ አፕሎድ ካገኛችሁ፣ ራውተሩ ላይ ጠቅላላ ገደቡን 9 እና 1.8 ብላችሁ አስገቡ። ይሄ ሳይደረግ ቅድሚያ መስጠት ዋጋ የለውም።

ራውተራችሁ ቲፒሊንክ ከሆነ ገደቡ የሚገባው ኪውኦኤስ (QoS፣ ለትራፊክ ቅድሚያ የሚሰጥበት) የሚለው ገጽ ላይ ነው። ሚክሮቲክ ከሆነ ሲምፕል ኪው ውስጥ ማክስ ሊሚት የሚለው ነው። ሚክሮቲክ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፋየርዎሉ ላይ ፋስትትራክ (ትራፊኩን በአቋራጭ የሚያሳልፍ) የሚለው ሕግ ካልተዘጋ ትራፊኩ ሲምፕል ኪውን ሳይነካ ያልፋል። ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲቀያይር ውሎ «አይሠራም» ብሎ የሚተወው በዚህ ነው። ዝጉት።

አሁን ቅድሚያ ስጡ። የድምፅ ጥሪ 100 ኪሎቢት አካባቢ ይበቃዋል፣ ግን መቆራረጥን አይችልም። ስለዚህ ከፊት ይሁን። ባለ 1080 ፒ ዩቲዩብ ወደ 5 ሜጋ ይፈልጋል፤ ሁለት ልጆች ከከፈቱት የ10 ሜጋው መስመር አለቀ። ከሐይቅ ድረስ መጥቶ የፓስፖርት ፎርም የሚሞላ ሰው በእነሱ ምክንያት ገጹ ተንጠልጥሎበት ከመጀመሪያው ሲጀምር ማየት ያሳዝናል። ለያንዳንዱ ኮምፒውተር ጣሪያ አድርጉለት፣ ለደንበኛ ዋይፋይም የተለየ ኔትወርክ ከነገደቡ ክፈቱ። ሚክሮቲክ ላይ ቅድሚያ 1 ትልቁ፣ 8 ትንሹ ነው። ዳውንሎድና ባክአፕ 8 ላይ ይቀመጡ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ኮምፒውተር አንዴ ተነስቶ አፕዴት መሳብ ይጀምራል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ኮኔክሽኑን ሚተርድ (ዳታ የሚቆጠብበት) አድርጉት፣ አፕዴቱን ማታ ራሳችሁ ልቀቁት። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚለውን የዊንዶውስ አፕዴት መጋሪያ በውስጥ ኔትወርክ ላሉ ኮምፒውተሮች ብቻ ክፍት ካደረጋችሁት አንዱ ያወረደውን ሌላው ከሱ ይወስዳል።

ሲያልቅ የቴሌግራሙን ሙከራ ድገሙት። ፒንጉ አሁንም ከዘለለ ገደቡን ከለካችሁት ፍጥነት ወደ 85 በመቶው አውርዱና እንደገና ሞክሩ።