ቀላልና ጠንካራ የተራራ ብስክሌት በጎንደር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በጎንደር የተራራ ብስክሌት በራሱ ምርጫ የሚገጣጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዕቃ ዝርዝር ነው፤ ግራሙ ያነሰውን ይመርጣል፣ ከአዲስ አበባ ያስልካል ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል፣ ዕቃው በሁለት ወር ሲበላሽበትም እንደገና ይጠብቃል። ከዚህ ይልቅ ብስክሌቱ የሚያሳየውን ምልክት አስቀድሞ ማየት፣ ምክንያቱን መፈለግ፣ ግዢውን የመጨረሻ ማድረግ ይሻላል። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ በደባርቅ መንገድ ላይ ቢሰበር ከተማው ውስጥ ያለ ጠጋኝ ወይም በያጅ ያድነዋል ወይስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን የአዲስ አበባን ገበያ ያስጠብቃል?

ብስክሌቱ ዳገት ላይ ይከብዳል

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ወይም በጎሃ አቀበት ላይ እግር ሲዝል ባለቤቱ የሚወቅሰው የብስክሌቱን ክብደት ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያ ብስክሌቱን ከመሬት አንስቶ ጎማዎቹን በእጅ ማሽከርከር ያስፈልጋል። ጎማው ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ዞሮ ከቆመ የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን እየነካ ነው፣ ወይም የሞዞው (የጎማው መሃል እምብርት) ኩሽኔታ ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይም ግራሶው ደርቋል። ይህ ሁሉ ያለ ምንም ግዢ የሚስተካከል ነው።

ጎማው በነፃነት ከዞረ ቀጥሎ የሚመረመረው ማርሹ ነው። ባለብስክሌቱ 65፣ ብስክሌቱ ደግሞ 15 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ወደ ላይ የሚገፋው ጠቅላላ ክብደት 80 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ 1 ኪሎ ግራም መቀነስ ድካሙን የሚያቀለው በ1.25 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ 40 ደቂቃ በሚፈጅ አቀበት ላይ ትርፉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። በአንጻሩ የፊቱን ጥርስ፣ ማለትም ከፔዳሉ ጋር የሚዞረውን ባለጥርስ ክብ፣ ከባለ32 ወደ ባለ28 ማውረድ፣ እግር ፈጠን ብሎ እንዲዞር ቢያስገድድም፣ ለእያንዳንዱ ርግጫ የሚያስፈልገውን ጉልበት በ12.5 በመቶ ይቀንሳል። ጎንደር 2,133 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በመሆናቸው ትንፋሽ የሚያጥርበት አገር ነው፤ ስለዚህ ቀላል ማርሽ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ከዚህ በኋላም ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን የፊቱን ጎማ ከሚይዘው ሹካ፣ ከፎርኬታው፣ ይጀምር። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመው ባለሞላ ፎርኬታ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ በአየር የሚሠራው ወደ 2 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ምንም የማይነጥረው የብረት ፎርኬታ ደግሞ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም አይዘልም። በእኔ ግምት አብዛኛውን ጊዜውን በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው የማይነጥረው ፎርኬታ ከሰፊ ጎማ ጋር ሲጣመር የተሻለው ምርጫ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይቀንሳል፣ የሚፈስ ዘይትና የሚያልቅ ጎሚኒ የለውም፣ ቢጎብጥም በእጁ የሚተማመን ባለሙያ ያየዋል። ቋጥኝ በበዛበት የእግር መንገድ የሚወርድ ግን የአየሩን ይምረጥ፤ ሆኖም ልዩ ፖምፓ እንደሚፈልግና አንዳንድ አምራቾች የታችኛው ክፍል በየ50 ሰዓት ግልቢያ ተፈትቶ እንዲጸዳ እንደሚያዝዙ አስቀድሞ ይወቅ።

ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል) በተመለከተ አሉሚኒየም ከክሮሞሊ ብረት ይቀላል፤ ነገር ግን የብስክሌት አሉሚኒየም ከተበየደ በኋላ ጥንካሬውን ለመመለስ በልዩ ምድጃ መታከም ይኖርበታል፣ ብረቱን ግን ጥሩ በያጅ እዚሁ ይጠግነዋል። በቴላዮ ላይ የሚገኘውን ግማሽ ኪሎ ለመተው የማላመነታው በዚህ ምክንያት ነው።

ካቴናው በትልቁ ጥርስ ላይ ይዘላል

ምልክቱ በአቀበቱ መሃል፣ ርግጫው በበረታበት ሰዓት፣ ካቴናው (ሰንሰለቱ) «ቀጭ» ብሎ አንድ ጥርስ መዝለሉ ነው። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ወይ የማርሹ ሽቦ ላልቷል፣ ወይ ካቴናውና ጥርሱ አብረው አልቀዋል። ዝላዩ በሁሉም ጥርሶች ላይ ከሆነ ሽቦውና ማርሹን የሚይዘው ክንድ ይታዩ፤ በአንድ ጥርስ ላይ ብቻ ከሆነ ያ ጥርስ ተበልቷል ማለት ነው።

ለቀላል ዕቃ የሚከፈለው ዋጋ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ ባለ12 ማርሽ ካሴቶቹን (በኋላ ጎማ ላይ የሚገጠሙትን የጥርስ ስብስቦች) ከ10 እስከ 51 ጥርስ አድርጎ በተለያየ ደረጃ ይሠራል፤ ዲኦሬ የሚባለው ወደ 590 ግራም ሲመዝን ኤክስ ቲ የሚባለው 470 ግራም አካባቢ ነው። የ120 ግራሙ ልዩነት በከፊል የመጣው በኤክስ ቲ ላይ ሁለቱ ትልልቅ ጥርሶች ከአሉሚኒየም ስለተሠሩ ነው፤ የዲኦሬው ጥርሶች ግን ሁሉም ብረት ናቸው። በሜዳ አገር የሚጋልብ ሰው ትልቁን ጥርስ አልፎ አልፎ ስለሚነካው አሉሚኒየሙ ብዙ ይቆይለታል። የጎንደር ሰው ግን የጉዞውን ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው በዚያው ጥርስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ የተቀነሰው ይበልጥ ከሚሠራበት ቦታ ላይ ሆነ ማለት ነው። መፍትሄው ብረቱን መግዛትና 120ውን ግራም ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ካቴናን በጊዜ መለወጥ ደግሞ ካሴትን ያድናል። ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥሩ የብረት ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሃል ተነስቶ 24 ክፍተቶችን ቆጥሮ 24ኛው ክፍተት እስከሚያልቅበት ፒን መሃል ሲለካ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ11 ወይም ባለ12 ማርሽ ከሆነ 306.3 ላይ ሲደርስ፣ ባለ10ና ከዚያ በታች ከሆነ 307 ሲያልፍ ካቴናው ይለወጣል። በክረምት የዋልካ ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ስለሚበላ፣ ካቴናውን በጨርቅ ጠርጎ ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግና ትርፉን መልሶ መጥረግ ያስፈልጋል። የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም አቧራን ስለሚሰበስብ አልመክረውም።

አንድ ነገር ከግዢ በፊት መጣራት አለበት። 10 ጥርስ ያለው የሺማኖ ካሴት በቆየው ዓይነት ሞዞ ላይ አይገባም፤ ማይክሮ ስፕላይን የሚባለውን ይፈልጋል። ነባሩን ሞዞ ለማቆየት የሚፈልግ ሰው ከ11 እስከ 51 ጥርስ ያለውን ባለ11 ማርሽ ዲኦሬ ቢመርጥ ጎማውን በሙሉ ከመቀየር ይድናል።

የኋላው ጎማ ራጅ በየጊዜው ይሰበራል

አንድ ራጅ (ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ፣ ከሞዞው ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) ሲሰበር ይተካል፤ በወር ውስጥ ሦስተኛው ሲሰበር ግን ችግሩ የራጁ ሳይሆን የውጥረቱ ነው። ራጅ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው በኋላ ጎማ በካሴቱ በኩል፣ ከሞዞው በሚወጣበት መታጠፊያ ላይ ነው። ውጥረቱ ሲላላ ጎማው በዞረ ቁጥር ራጁ ይላላል ይወጠራል፣ በመጨረሻም እንደታጠፈና እንደተዘረጋ ሽቦ ይሰለቻል። ስለዚህ ቸርኬውን ማቃናት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ራጆች በጣት እየነኩ ድምፃቸውን ማነጻጸር ይገባል፤ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል፣ ከሌሎቹ ጎላ ብሎ ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ላልቷል።

አዲስ ጎማ የሚያሠራ ሰው 32 ቀዳዳ ያለው ሞዞና ቸርኬ ይውሰድ፤ 28ቱን ለቀላል ሰውና ለለስላሳ መንገድ ይተወው። መሃሉ የቀጠነ ራጅ ግን ያለ ስጋት የሚገዛ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም ከሆነው ይቀላል፣ ቅጥነቱም መሃሉ እንዲለጠጥ ስለሚያደርግ መታጠፊያው ላይ የሚደርሰውን ጫና ያረግባል። ቀላሉ ከጠንካራው ጋር የሚስማማበት ዕቃ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነው። ለራጁ ዳዶ ግን ናስ እንጂ አሉሚኒየም አይመረጥም፤ በሁለቱ ጎማዎች የሚተርፈው ከ50 ግራም በታች ነው፣ አሉሚኒየሙም ከጥቂት ክረምት በኋላ ከራጁ ጋር ተጣብቆ አልፈታ ይላል።

ጎማው ይበሳል፣ ጎኑም ይቀደዳል

ቀዳዳው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ከውጭ በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ካለች የግራር እሾህ ነው። ሁለት ትይዩ ቀዳዳዎች ካሉ አየሩ አንሶ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተጨፍልቋል። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በሚያየው ጎን ከሆነ ደግሞ የራጅ ጫፍ ወጥቷል ወይም የቸርኬው ሽፋን ተንሸራቷል። ጎሚስታው ዘንድ ሲኬድ ከመነዳሪው ከመለጠፉ በፊት ይህን ማየት ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ ነገ ተመልሶ መሄድ ይመጣል።

ለውድድር የሚሠሩ ስስ ጎማዎች 650 ግራም አካባቢ ሲሆኑ፣ ጎናቸው የተጠናከረው ከ800 እስከ 900 ግራም ይመዝናሉ። በወገራ ጥርብ ድንጋይ ላይ ስሱ ጎማ ብዙ አይሄድም። ቸርኬው ለቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ ለሚሠራ ጎማ) የተሠራ ከሆነ 200 ግራም የሚመዝነውን ከመነዳሪ አውጥቶ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ መጨመር ከእያንዳንዱ ጎማ ወደ 100 ግራም ያተርፋል፤ ይህንንም ትርፍ ለጎማው ግድግዳ መክፈል ይበጃል። ፈሳሹ ከሁለት እስከ አራት ወር ውስጥ ይደርቃል፣ በበጋ ደግሞ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የሚጨመር ፈሳሽ ከሌለ ከመነዳሪው ይሻላል። ለቱብለስ ያልተሠራ ቸርኬ ላይ መሞከር ግን ጎማው በመታጠፊያ ላይ ከቸርኬው እንዲወጣ ያደርጋል።

በመንገዱ ላይ የአካባቢው የአየር ግፊትም ይለወጣል፤ ጎንደር ላይ የተነፋ ጎማ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ከ1 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ያሳያል። ይህ የሚያስቸግር አይደለም፤ የሚጠቅመው ፖምፓውን ከመጠርጠር ለመዳን ነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይከዳል

በልማሊሞ ቁልቁለት ላይ ይህን የሚያይ ሰው መጀመሪያ ይቁምና ዲስኩ እስኪበርድ ይጠብቅ። ቀጥሎ የፍሬን እጀታው ይጨበጥ። እጀታው ጠንካራ ሆኖ ብስክሌቱ ካልቆመ የጋለው ወይም ዘይት የነካው ሸራው ነው፤ እጀታው ላልቶ እስከ መሪው ከደረሰ ደግሞ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል ወይም ፈሳሹ ፈልቷል። የመጀመሪያው መፍትሄ ሸራ መለወጥ፣ የሁለተኛው አየሩን ማስወጣትና ፈሳሹን ማደስ ነው። የሺማኖ ፍሬን የማዕድን ዘይት ብቻ ይቀበላል፤ ከመኪና ዕቃ መደብር የሚገዛው የፍሬን ዘይት ቢጨመርበት ጎሚኒዎቹን ያበላሻቸዋል።

ክብደትን ለመቀነስ ሲባል 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ፊት ላይ መግጠም ትክክል አይመስለኝም። 180ው ጥቂት አሥር ግራሞች ብቻ ይጨምራል፣ ሙቀትንም በተሻለ ይበትናል። ከብረት ብናኝ የተሠራው ሸራ ከሬንጅ ዓይነቱ ይልቅ ጭቃንና ሙቀትን ይችላል፤ ነገር ግን ርካሽ ዲስኮች ለለስላሳው ሸራ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ በላያቸው የተጻፈው ይነበብ።

ሲረገጥ ይንቋቋል

ድምፁ ከታች ቢመስልም መነሻው የኮርቻው ዘንግ ወይም የመሪው ብሎን ሊሆን ይችላል። ቆሞ ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ ኮርቻው ነው፤ ካልጠፋ ፔዳሉን፣ የፊቱን ጥርስ ብሎኖችና የፔዳሉን ዘንግ ኩሽኔታ በየተራ መፍታት፣ ማጽዳትና ግራሶ መቀባት ያስፈልጋል። በብዙ ቴላዮዎች ላይ በካቴናው በኩል ያለው የኩሽኔታ ክዳን የሚፈታው በተለመደው አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው፤ ይህን ሳያውቁ በረጅም ቁልፍ በመታገል የቴላዮውን ጥርስ የላጡ ሰዎችን አይቻለሁ፣ አንዱም እኔ ነበርሁ።