ባክአፑ አለ፣ ዳታው የለም

ሰው የሚደውልልኝ ባክአፕ (የዳታ ቅጂ) ሲያደርግ አይደለም፤ ሪስቶር፣ ማለትም ቅጂውን መመለስ፣ እምቢ ሲለው ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ደጋግመው የሚገጥሙኝን ልንገራችሁ።

ፋይሉ በየቀኑ አለ፣ ግን ባዶ ነው

አንድ ፋርማሲ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎበት ጠራኝ። የሦስት ወር ባክአፕ ቀን በቀን ተደርድሯል። ደስ አለኝ። መጠኑን ሳይ ሁሉም 0 ባይት!

ለካ አንድ ሰው የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀይሮ፣ ባክአፑን በራሱ የሚሠራው ስክሪፕት ውስጥ መቀየሩን ረስቶታል። ትእዛዙ ውስጥ ያለው «>» ምልክት ደምፑ (ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣው ሥራ) ገና ሳይጀምር ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ከዚያ ደምፑ ቢከሽፍም ፋይሉ ስሙንና ቀኑን ይዞ ቁጭ ይላል። ከሩቅ የሚያየው ሰው ሥራው የተሠራ ይመስለዋል።

ስለዚህ ፓስወርዱን አስተካክሎ መሄድ አይበቃም። የዛሬውን መጠን ከትናንቱ ጋር አነጻጽሩ። የመጨረሻውን መስመርም እዩ፦ በደንብ ያለቀ ደምፕ «ደምፕ ኮምፕሊትድ» የሚል የእንግሊዝኛ መስመርና ቀን አለው። ከሌለው መሃል ላይ ተቆርጧል። ወይ ዲስኩ ሞልቷል፣ ወይ መብራት ሄዷል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል

ይሄ የእኛው ጉድ ነው። ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲነሳ ታስቦ ክሮን (ሊኑክስ ላይ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ 8 ተጽፏል። ክሮን ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ሱቅ ሲከፈት ሥራ ይጀምራል። 2 ብላችሁ ጻፉ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) የሚሄድ ከሆነ 23።

ከሪስቶር በኋላ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆነ

አትደንግጡ፣ ግን ፕሮግራሙ ላይ ምንም ሴቭ አታድርጉ። የጥያቄ ምልክቱን መልሳችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት የምር ይጠፋል።

መጀመሪያ የደምፑን ፋይል በኖትፓድ ክፈቱ። አማርኛው እዚያ ከተነበበ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበት ካራክተር ሴት (ፊደላት የሚጻፉበት ኮድ) ነው፤ አማርኛን ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩት። ፋይሉ ውስጥም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ያ ፋይል አይድንም። ዋናው ዳታቤዝ ካለ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንደገና አውጡ። ዊንዶውስ ላይ በፓወርሼል የምትሠሩ ከሆነ «>»ን ተዉት፤ ፋይሉን በዩቲኤፍ16 ይጽፈዋል፣ ሰርቨሩም አይቀበለውም። በምትኩ «ሪዛልት ፋይል» የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ።

ዳታው ተመለሰ፣ ፕሮሲጀሮቹ ግን የሉም

ደምፑ ትሪገሮችን (ሠንጠረዥ ሲቀየር በራሳቸው የሚነሱ ትእዛዞችን) በራሱ ይወስዳል፣ ፕሮሲጀሮችን (ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠሩ የሚሠሩ ትእዛዞችን) ግን «ራውቲንስ» የሚለውን ካልጨመራችሁ ይተዋቸዋል።

ባክአፑ የምር መሥራቱን ለማወቅ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን የመጨረሻ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ «ሙከራ» በሚል ዳታቤዝ ውስጥ ሪስቶር አደርጋለሁ። የሽያጭ ሠንጠረዡን መስመሮች እቆጥራለሁ። ከዚያ ባክአፑ ከመነሳቱ በፊት የተቆረጠውን የመጨረሻ ደረሰኝ ከካሸሯ ተቀብዬ ቁጥሩን እፈልጋለሁ። ካገኘሁት «ሙከራ»ን አጥፍቼ ወደ ቤቴ።