የጂም ክፍያ ሲከብደኝ ያገኘሁት መፍትሔ

የጂም ወርሃዊ ክፍያ ከደመወዜ ጋር ባለመጣጣሙ ስፖርት ካቋረጥሁ ወራት ተቆጥረው ነበር፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ግን በዚያው መቀጠል አልቻልሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ ይህንኑ በአምስት ቀን ለ30፣ 30 ደቂቃ ከፋፍዬ፣ የባሕር ዳር ሙቀት ሳይበረታ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በጣና ዳርቻ ፈጠን ብዬ መራመድ ጀመርሁ። ማውራት እየቻልሁ መዝፈን ካቃተኝ ፍጥነቱ በቂ ነው። ለጡንቻ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ውኃ የሞላኋቸውን ባለ 2 ሊትር ፕላስቲኮች በየእጄ ይዤ አነሳለሁ፤ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓባይ ቁልጭ ብሎ ወደሚታይበት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ እወጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ቁልቁለቱ ጉልበቴን አሞኝ ስለነበር፣ አሁን ስወርድ እርምጃዬን አሳጥራለሁ። ያንን ደረጃ ዛሬ ሳላርፍ እወጣዋለሁ።