የተርሚናል መጭመቂያ ማሽን እንዴት ተስተካክሎ ይሠራል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ የባጃጅ መብራት በክረምት እልም ካለ አምፖሉን ብቻ አትጠርጥሩ። ሽቦውና ተርሚናሉ፣ ማለትም በሽቦው ጫፍ ላይ የሚጨመቀው የብረት ማያያዣ፣ የሚገናኙበት ቦታ ላልቶ ሊሆን ይችላል። የላላ መገጣጠሚያ ውሃ ያስገባል፣ ይዝጋል፣ ይግላል። በፒንሳ ጨምቆ በናስትሮ መጠቅለል ለመንገድ ላይ ችግር ያገለግላል። ጎጃም ውስጥ ለባጃጅ ወይም ለውሃ ፓምፕ ሽቦ በብዛት አዘጋጅቶ ለመሸጥ ላሰበ ግን ማሽን ግድ ነው።

ሙሉ አውቶማቲኩ ማሽን ሽቦውን ከጥቅሉ ይስባል፣ ያቃናል፣ በልክ ይቆርጣል፣ ጫፉን ይልጣል፣ ተርሚናሉን ይጨምቃል። የእናንተ ድርሻ ማስተካከሉ ነው። ዋናው ሥራም እሱ ነው።

መጀመሪያ ሽቦውን፣ ተርሚናሉንና አፕሊኬተሩን አመሳስሉ። አፕሊኬተር ማለት ተርሚናሉን እየገፋ አምጥቶ የሚጨምቀው ተፈቺ ክፍል ነው። ለዚያው ተርሚናል የተሠራ መሆን አለበት፤ «ይቀራረባል» ብሎ ነገር አይሠራም።

ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ አፕሊኬተሩን ግጠሙ። ከዚያ ማሽኑን በእጅ አንድ ዙር አዙሩት። የሚጋጭ ነገር ካለ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ቀጥሎ የተላጠውን የሽቦ ጫፍ እዩ። ከመዳብ ክሮቹ አንዷም መቆረጥ የለባትም። ጫፉንም በሊድ አትበይዱት፤ ሊዱ በጊዜ ብዛት ይሸሽና መገጣጠሚያው ይላላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፦ የተጨመቀው ክፍል ከፍታ። ከፍ ካለ በክሮቹ መሀል አየር ይቀራል። ዝቅ ካለ ክሮቹ ይደቅቃሉ። ትክክለኛውን ልክ የተርሚናሉ አምራች በሰንጠረዥ ይሰጣል፤ የሚፈቀደው ልዩነትም ብዙ ጊዜ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ተራ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) እዚህ ያሳስታል። ከሥር በኩል ግራና ቀኝ የወጣችውን ቀጭን የብረት ጠርዝ አብሮ ይለካል። አንድ ጎኑ ሹል የሆነ ማይክሮሜትር የሚባለውን መለኪያ መሣሪያ ተጠቀሙና ሹሉን በሁለቱ ጠርዞች መካከል አሳርፉት።

ከዚያ ሽቦውን ከተርሚናሉ ጎትታችሁ ፈትኑ። ለ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዓለም አቀፉ መስፈርት 150 ኒውተን ይጠይቃል፤ 15 ኪሎ ገደማ ማንጠልጠል ማለት ነው። ስትፈትኑ የሽቦውን ፕላስቲክ የያዘውን የተርሚናሉን ክንፍ ክፈቱት፤ አለዚያ መዳቡ ምን ያህል ጠብቆ እንደተያዘ አታውቁም።

ብዙ ማሽኖች የጭመቃውን ኃይል የሚከታተል መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው «ጥሩ» የሚለውን የሚማረው መጀመሪያ ካሳያችሁት ናሙና ነው። ብልሹ ካሳያችሁት ብልሹውን እያሳለፈ ይውላል። ስለዚህ ከፍታውን ሳትለኩና ሳትጎትቱ አታስተምሩት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ መሀል ላይ የተቋረጠውን ፍሬ ጣሉት፤ ጥቂት ናሙና ሠርታችሁም ከፍታውን እንደገና ለኩ። የተርሚናል ጥቅል በተቀየረ ቁጥርም እንዲሁ አድርጉ።