የአከርካሪ ናቪጌሽን ስክሪኑን መቼ እንመነው

ናቪጌሽን (መሳሪያችሁ አጥንቱ ላይ የት እንዳለ በኮምፒውተር ስክሪን የሚያሳይ ስርአት) ለምትጀምሩ ሬዚደንቶች ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ስክሪኑ የሚያሳያችሁ አጥንቱ አሁን ያለበትን ሳይሆን ሬጂስትሬሽን (ምስሉን ከበሽተኛው አጥንት ጋር ማጋጠም) ሲሰራ የነበረበትን ቦታ ነው። የኢንፍራሬድ ካሜራው አጥንት አያይም፣ የሚያየው ሪፈረንስ ፍሬሙ (አጥንቱ ላይ የሚታሰረው መለያ) እና መሳሪያው ላይ ያሉትን ኳሶች ነው፣ ስለዚህ ፍሬሙን የአንዱ ክንድ ገፋ ካደረገው ምስሉ እንዳማረበት ይቀጥላል ስክሩ (አጥንቱ ውስጥ የሚገባው ብሎን) ግን ሌላ ቦታ ይገባል።

ለዚህ ነው ፍሬም ሲታሰር አትቸኩሉ የምለው። ስፓይነስ ፕሮሰስ (ከአከርካሪ አጥንቱ ወደ ኋላ የወጣው ክፍል) ላይ ከሆነ ቲሹውን ጠርጋችሁ አጥንቱን በደንብ ይንከስ፣ ነካ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ከተነቃነቀ አውልቃችሁ እንደገና እሰሩ። ከፍሬሙ በራቃችሁ ቁጥር ስህተቱ ስለሚጨምር ብዙ ሌቭል (ብዙ የአከርካሪ አጥንት) የምትሰሩ ከሆነ ሩቁን ስክሩ ቀድማችሁ አስገቡ፣ በጣም ከረዘመ ደግሞ ፍሬሙን አዛውሮ ሌላ ስካን ማንሳት ነው። ኳሶቹ ላይ ደም ካለ ይጠረግ ወይ ይቀየር።

ስካኑ በኦ-አርም (ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ 3ዲ ምስል የሚያነሳ የኤክስሬይ ማሽን) ከሆነ በሚነሳበት ሰአት አንስቴዥያዎቹ ትንፋሽ እንዲያቆሙላችሁ ጠይቁ፣ ቶራሲክ (ደረት) ላይ በተለይ። ከኦፕሬሽን በፊት በተነሳ ሲቲ ከሆነ ግን ስላይሱ (የአንዱ የምስል ቁራጭ ውፍረት) 1 ሚሊሜትር ወይም ከዛ በታች ይሁን፣ በሽተኛው ሲነሳ በጀርባው ነበር አሁን በሆዱ ነው፣ አጥንቶቹ እርስ በርስ ያላቸው አቀማመጥ ተቀይሯል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ቨርቴብራ (የአከርካሪ አጥንት) ለብቻው ሬጂስተር ማድረግ አለባችሁ። እዚህ ጋር ሌቭሉንም በኤክስሬይ አረጋግጡ፣ ጎረቤት ቨርቴብራዎች ስለሚመሳሰሉ ማሽኑ ሌላ ሌቭል ላይ ገጥሞ ጥሩ (ትንሽ) የስህተት ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል።

ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም! ፖይንተሩን በአይናችሁ የምታዩት አጥንት ላይ፣ ፋሴት (የቨርቴብራዎቹ መገጣጠሚያ) ወይም ትራንስቨርስ ፕሮሰስ (ወደ ጎን የወጣው ክፍል) ላይ አስነኩና ስክሪኑ እዛው ያሳይ እንደሆነ በሁሉም ፕሌን (የምስል አቅጣጫ) እዩ፣ ይሄንን ከእያንዳንዱ ስክሩ በፊት ድገሙት፣ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ካልገጠመ አትገምቱ፣ እንደገና ሬጂስተር አድርጉ ወይ ወደ ሲ-አርም (ተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ) ተመለሱ።

ሬጂስትሬሽኑ ትክክል ሆኖም የሚያሳስተው የእጃችሁ ጉልበት ነው። ድሪሉ የፋሴቱ ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ መግቢያውን መጀመሪያ በበር (burr፣ አጥንት በሚፍቀው መሳሪያ) አስተካክሉት፣ ወደ ታች አትጫኑ ምክንያቱም ስትገፉ ቨርቴብራው ራሱ ይዞራል፣ ሰርቪካል (አንገት) ላይ ይሄ በጣም ይብሳል። ቁስሉ ጠባብ ከሆነ ጡንቻው ጋይዱን (የድሪሉን መምሪያ) ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ትንሽ ማስፋት ይሻላል። ላሚኔክቶሚ (የቨርቴብራውን የኋላ አጥንት ማንሳት) ካለ ከስክሩ በኋላ ይሁን፣ ያ አጥንት ከተነሳ የምትፈትሹበት ምልክት አብሮ ይሄዳል።

ቁስሉ ሳይዘጋ የማረጋገጫ ስካን አንሱ። በ1990 በወጣው የገርዝባይንና ሮቢንስ የስክሩ አቀማመጥ አመዳደብ ሙሉ በሙሉ ፔዲክል (ስክሩ የሚያልፍበት ጠባብ የቨርቴብራው አጥንት) ውስጥ ያለ ኤ ነው፣ ከ2 ሚሊሜትር በታች የወጣ ቢ ነው፣ ከዛ በላይ የወጣውን ግን በተለይ ወደ መሀል ወደ ህብለ ሰረሰሩ ከሆነ በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ እያለ አውጥታችሁ አስተካክሉት።